ቢላዋ ነው ወይስ ጥርስ? የጥንት አዳኞችን ምግብ ከአጥንት ለማንበብ የማነጻጸሪያ ሳጥን አሠራር

ስልኬ ላይ የአጥንት ፎቶ ሳይገባ የሚያልፍ ሳምንት የለም። አንዱ ከጀማ ሸለቆ ይልካል፣ ሌላው ከአንኮበር ቁልቁለት፣ ሌላው መንዝ ውስጥ ካለ ዋሻ። ጥያቄው አንድ ነው፤ «እስቲ እየው፣ ይሄ የስለት ጭረት ነው አይደል? የጥንት ሰው የበላው ነው አይደል?»

አብዛኛውን ጊዜ ውሻ ነው። ወይ ጃርት ነው። አንዳንዴ የሣር ሥር ብቻ ነው።

ስህተቱ የሚመጣው ከአንድ ቦታ ነው። ሰው ሥዕል አይቶ በቀጥታ ወደ አሮጌው አጥንት ይሄዳል። ማን እንዳሳረፈው በእርግጠኝነት የሚያውቀውን ምልክት ግን አንድ ቀን እንኳ በጣቱ ዳስሶ አያውቅም። እዚህ የምንሠራው ያንን ነው፦ ከአንድ በግ አጥንት የማነጻጸሪያ ሳጥን። ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል።

ለባለሙያም ቀላል እንዳይመስላችሁ። አፋር ውስጥ ዲኪካ በተባለ ቦታ የተገኙ ሁለት አጥንቶች 3.4 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ የድንጋይ ስለት ጭረት አለባቸው ተብሎ በ2010 እ.ኤ.አ ይፋ ሆነ። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ «ይህ በእንስሳት ኮቴ ተረግጦ ከጠጠር ጋር ሲፋተግ የመጣ ነው» ብለው ተነሡ። በጉልበት የሚከራከሩት ስለ ጥቂት ሚሊሜትር ጭረት ነው። እኛም የምንለማመደው እሷኑ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ጾም ሲፈታ ጀምሩ። ያኔ በጉ ለሥጋውም ይፈለጋልና ወጪው ለአጥንት ብቻ አይሆንም። የመንዝ በግ ይበቃል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በግ እዚህ ምትክ ነው። የተላመደው ከእኛ አገር ውጪ፣ ምዕራብ እስያ ውስጥ ነው። የጥንት አዳኝ ያደነው ድኩላ ወይም ሰሳ ነበር እንጂ በግ አልነበረም። እኛ የምንወስደው የአካሉ መጠን ስለሚቀራረብ ነው። በቁፋሮ ንብርብር ውስጥ እውነተኛ የበግ አጥንት ከወጣ ግን «አዳኞች ናቸው» የሚለው ወሬ ራሱ መመርመር አለበት።

ለአራጁ ቀድማችሁ ንገሩት፦ በመጥረቢያ እንዳይፈልጥ። ይህን ረስቼ የመጀመሪያውን በጌን ለወጥ ተከትፎ ተቀብያለሁ። ከዚያ አጥንት ምንም አይማሩበትም።

በራሱ የሞተ ከብት አጥንት በጭራሽ አትጠቀሙ። አባ ሰንጋ በቀልድ የሚታለፍ በሽታ አይደለም።

የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው፦ አሥር ጊዜ የሚያጎላ ሌንስ (ወርቅ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት)፣ መብራት ያለው ስልክ፣ ወፍራም ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ የወጥ ቤት ቢላዋ፣ ጡጫ የሚያህል ድቡልቡል የወንዝ ድንጋይ፣ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ቀጭን ሽቦና ከጣሳ የተቆረጡ ትንንሽ ቆርቆሮዎች።

ቆርቆሮው ለቁጥር ነው። በምስማር ቁጥሩን ጻፉና በሽቦ አጥንቱ ላይ እሰሩ። ወረቀት ድስት ውስጥ ይሟሟል፣ የእስክሪብቶ ቀለም ይለቃል። በአንድ ጊዜ አሥራ አንድ ቁጥር አልባ አጥንት ከድስት አውጥቼ የትኛው የየትኛው እንደሆነ ሳላውቅ ቀርቻለሁ። ሙሉ በግ ማለት ነው።

1. አጥንቶቹን ቀድማችሁ አከፋፍሉ

አንድ አጥንት አንድ ሥራ ብቻ ይሠራል። የቀኙ ወርች በድንጋይ ስለት ይበለታል። የግራው ወርች በብረት ቢላዋ። አንዱ የኋላ እግር ለውሻ ይሰጣል። ሌላው መቅኔው እንዲወጣ ይሰበራል። ጎድኖቹን ለሁለት ክፈሉ፣ ግማሹ ለመረገጥ፣ ግማሹ ለእሳት። የእግር ጫፍና መንጋጋ ለእሳት። ይህን ደብተር ላይ ሳትጽፉ ስለት አታንሡ።

2. የድንጋይ ስለት አውጡ

ባልጩት ካላችሁ ጥሩ። ግን ከዋሻ ወይም ከማሳ ላይ የተጠረበ ባልጩት አንሥታችሁ እንዳትጠቀሙ። እሱ ራሱ ቅርስ ሊሆን ይችላል። እኔ የምመክረው ወፍራም ጠርሙስ ነው። የጠርሙስ ቂጥ እንደ ባልጩት ነው የሚሰነጠቀው። በደቡብ ያሉ ቆዳ ፋቂዎችም ባልጩት ሲያጡ ጠርሙስ ይጠቀማሉ።

ደጅ ውጡ። መነጽርና ጓንት አድርጉ። መሬቱ ላይ ማዳበሪያ አንጥፉ፣ ስብርባሪው እዚያው ይጠራቀም። ጠርሙሱን በግራ እጅ ያዙና የቂጡን ጠርዝ በወንዙ ድንጋይ ወደ ታች ሸርፉት። መሃሉን አትምቱ፣ ይደቃል። ጠርዙን ስትመቱ ከሥሩ ቀጭን ስንጣሪ ተስቦ ይወጣል። እንደ ጥፍር ቀጭን፣ እንደ አውራ ጣት ርዝመት ያለው ሦስት አራት ስንጣሪ ይበቃል።

ካልተሳካ፦ ስንጣሪው እያጠረ ከተሰባበረ የምትመቱት ከጠርዙ ርቃችሁ ነው። ወይም ድንጋዩ ከብዷል። ቀለል ያለ ድንጋይ ያዙ።

3. ብልት አውጡ

እዚህ ላይ ከመጽሐፍ ይልቅ ብልት ማውጣት የሚያውቅ ሰው ይበልጣል። ጎረቤቴ ያሉ አንድ አባት ሥራዬን ቆመው ሲያዩ ቆዩና «ልጄ፣ ቢላህ አጥንቱን ከነካ ገና ጀማሪ ነህ» አሉኝ። ወርቹን ተቀብለው መጋጠሚያውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። አንዴ ቆረጡ፣ አንዴ ጠመዘዙ፣ ወርቹ ተለያየ። በኋላ ያንን መጋጠሚያ በሌንስ አየሁት። አንዲት ጭረት ብቻ ነበረች፣ እሷም ከፀጉር የቀጠነች።

ስለዚህ ጭረት የሌለው አጥንት ሁሉ ሰው አልነካውም ማለት አይደለም። የሠለጠነ እጅ ብዙ አይጭርም። እኛ ግን ለመማር ስለሆነ ሆን ብለን እንነካዋለን።

በመጀመሪያ መጋጠሚያውን በስንጣሪው ለያዩት፤ እዚያ የሚያርፉት ጭረቶች አጫጭርና ወደ ጎን የተጋደሙ ይሆናሉ። ከዚያ ሥጋውን ከአጥንቱ መሃል ላይ ፋቁ፤ እዚህ ያሉት ረዘም ይላሉ። የምትቆርጡበትን ቦታ ወዲያው ደብተር ላይ ሳሉት። የግራውን ወርች በብረት ቢላዋ እንደዚያው ድገሙ።

ጥንቃቄ፦ የደነዘዘ ስንጣሪ አትታገሉት። ጣሉትና ሌላ አንሡ። ጥንትም የሚደረገው ይኸው ነበር፣ ለዚህ ነው ብዙ ስንጣሪ የሚገኘው።

4. መቅኔ አውጡ

ይህ ከመቀቀል በፊት መሠራት አለበት። የተቀቀለ አጥንት ስብራቱ ይለወጣል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ቅልጥሙን ከሥጋና ከሽፋን አጽዱ። ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ አጋድሙት። መሃሉን በወንዙ ድንጋይ አንድ ጊዜ፣ በርትታችሁ ምቱት። አሥር ጊዜ ቀስ እያላችሁ አትቀጥቅጡ። አጥንቱ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ዞሮ ይሰበራል፤ ጠርዙ ለስላሳና ስለታም ይሆናል። የተመታበት ቦታ ላይ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ጉርድ ታያላችሁ፤ ከጎኑም ድንጋዩ ሲያንሸራትት የተወው ጥቅጥቅ ያለ ጭረት።

አሁን ለንጽጽር ወራት የከረመ ደረቅ አጥንት ከግቢ ፈልጋችሁ ስበሩ። እንደ ደረቅ እንጨት ቀጥ ብሎ ይቀነጠሳል፣ ጠርዙም ይሻክራል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያዙ። ጠመዝማዛው ስብራት «አጥንቱ ገና ትኩስ እያለ ተሰበረ» ይላል። ማን ሰበረው የሚለውን ግን አይናገርም፤ ጅብም ትኩስ ይሰብራል። ሰው መሆኑን የሚናገረው የድንጋዩ ምት ነው። መካከለኛው አዋሽ ቦውሪ ላይ በ2.5 ሚሊዮን ዓመት አጥንቶች ላይ የስለት ጭረትና የምት ምልክት አብረው ስለታዩ ነው ሥጋም መቅኔም ተበልቷል የተባለው።

5. ለውሻ ስጡ

የተከተበ የራሳችሁን ውሻ ተጠቀሙ። ሥጋ ያለበትን እግር ስጡት። ሁለት ሰዓት በቂ ነው። ከዚያ በጓንት ውሰዱ። ውሻው የማይለቅ ከሆነ በሥጋ አታልሉት፣ አትታገሉት።

አጥንቱን ደጅ አታሳድሩ። እኔ አሳደርኩ። ደብረ ብርሃን ዳር ላይ ነው የምኖረው። ጠዋት ውርጩ ላይ የጅብ ዱካ ብቻ ነበር። ከበሩ አርባ እርምጃ ያህል ርቆ አንድ ቁራጭ አገኘሁ፤ ሁለቱም ጫፎቹ ተበልተው እንደ ቱቦ ቀርቷል። ንዴቴ ሲበርድ ቁጥር ሰጥቼ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩት። እስካሁን ካሉኝ ሁሉ ምርጡ እሱ ነው። ጅብ ቅባት ያለበትን ጫፍ ቆርጥሞ መሃሉን ይተዋል።

6. አስረግጡ

አህያ የሚያልፍበት በር ወይም መንገድ ምረጡ። ጠጠር የተቀላቀለበት አሸዋ አፍስሱና ጎድኖቹን ሁለት ጣት ያህል ቅበሩ። ሁለት ሳምንት ይቆዩ። መሬቱ ጥቁር ጭቃ ብቻ ከሆነ ምንም ምልክት አይወጣም፤ ጠጠሩ ነው የሚጭረው። ጊዜ ከሌላችሁ አጥንቱን ከጠጠር ጋር ጆንያ ውስጥ ከታችሁ ሁለት ሆናችሁ ለሩብ ሰዓት አናውጡት። እንደ አህያው ባይሆንም ይሠራል።

7. አቃጥሉ

ኩበት ይበቃል። ሦስት ዓይነት አዘጋጁ፦ ሥጋ ያለበት፣ ሥጋ የሌለበት ትኩስ፣ ደረቅ። ጎድኖቹንና የእግር ጫፎቹን እሳቱ ዳር፣ መሃልና ከአመዱ በታች አስቀምጡ። በየሩብ ሰዓቱ አንድ አንድ አውጡና ቁጥር ስጡ።

ቀለሙ በዚህ ቅደም ተከተል ይሄዳል፦ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ግራጫ፣ ነጭ። ጥቁሩ 400 ዲግሪ አካባቢ፣ ነጩ ከ600 በላይ ይመጣል፤ የቆይታ ጊዜና የአየር መጠን ግን ያዛባዋል። ቴርሞሜትር አድርጋችሁ አትቁጠሩት።

ሥጋ ያለበትን ጎድን በደንብ እዩት። ሥጋው የሸፈነው ቦታ አልተቃጠለም፣ የተራቆተው ጫፍ ብቻ ጠቁሯል። ይህ የመጠበስ ምልክት ነው። ዙሪያውን እኩል ነጭ የሆነ አጥንት ግን ከተበላ በኋላ እሳት ውስጥ የተጣለ፣ ወይም ከዘመናት በኋላ በላዩ እሳት የተነደደበት ሊሆን ይችላል። ከአመዱ በታች የቀበራችሁትን አውጥታችሁ ስታዩት ይገባችኋል፤ ማንም ሳያበስለው ጠቁሯል።

ባሌ ውስጥ ፊንቻ ሀበራ የተባለው የዋሻ መጠለያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። እዚያ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት የነበሩ ሰዎች ግዙፍ ፍልፈል ይበሉ እንደነበር የታወቀው ከተቃጠሉ አጥንቶች ነው። እኛ ጋ መንዝ ጓሳ ላይ ይህን በልባችሁ ይዛችሁ የአይጥና የፍልፈል አጥንት ክምር ብታገኙ አትቸኩሉ። ጉጉት የዋጠችውን ፀጉርና አጥንት ጠቅልላ ትተፋለች። ቀይ ቀበሮም የሚኖረው በአይጥና በፍልፈል ነው። ካልተቃጠለና ጭረት ከሌለው «ሰው በላው» አትበሉ።

8. አጽዱ፣ ግን አትፋቁ

ሥጋው የቀረባቸውን ለስለስ ባለ እሳት ቀቅሉ። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ከአዋሳ ዘመዶቻችሁ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ያስፈልጋችኋል። ከዚያ ኦሞ ባለበት ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አሳድሩ። በጥርስ ብሩሽ ጥረጉ። ጥላ ላይ አድርቁ።

የተቃጠሉትን አትቀቅሉ፣ አትጠቡ። ይፈረካከሳሉ።

ሁለት ነገር እርም ነው፦ በረኪናና የሽቦ ብሩሽ። በረኪና የአጥንቱን ፊት ይበላዋል። የሽቦ ብሩሽ ደግሞ ራሱ ይጭራል። የቀረ ጅማት አልለቅ ቢል በቢላዋ አትላጡት፣ መልሳችሁ ዘፍዝፉት። አንድ ጊዜ ተማሪ «የድንጋይ ስለት ምልክት» ብሎ ያሳየኝ በሙሉ እሱ ራሱ ሲያጸዳ የጫረው ነበር።

9. በጎን መብራት አንብቡ

የስልኩን መብራት ከላይ አታብሩ። ክፍሉን አጨልሙና ከአጥንቱ ጎን፣ ከጠረጴዛው እኩል ዝቅ አድርጋችሁ አብሩ። ጭረቱ ጥላ ይይዛል። አጥንቱን በጣታችሁ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። አሁን ሌንሱን አንሡ።

የስለት ጭረት ጠባብና ጥልቅ ነው፣ ቅርጹ እንደ «V»፤ ውስጡ ደግሞ በርዝመቱ የሚሄዱ ቀጫጭን መስመሮች አሉ። የድንጋዩ ይሻክራል፣ የብረቱ ይጠራል። የጥርስ ቦይ ሰፊና ድቡልቡል ሥር ያለው ነው፣ እንደ ወንዝ ቦይ፤ አጠገቡም የጥርስ ጉድጓድ ይኖራል፣ በተለይ ጫፎቹ ላይ። የመረገጥ ጭረት ጥልቀት የለውም፣ ብዙ ነው፣ አቅጣጫው ወዲያና ወዲህ ነው። የጃርት ሰፋፊ የጥርስ ቦዮች ተደርድረው ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ጃርት አጥንት ወደ ዋሻ እየጎተተ ያከማቻልና ይህን ንቁበት። ድሬዳዋ አጠገብ ያለው ታዋቂው የጥንት ሰው ዋሻ፣ ፖርክ ኤፒክ፣ ስሙ ራሱ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። የሣር ሥር ምልክት ደግሞ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ይጠማዘዛል፣ ይከፈላል። ስለት አይጠማዘዝም።

ጥርስና ስለት ተደራርበው ካገኛችሁ የትኛው በየትኛው ላይ እንዳለፈ እዩ። የጥርሱ ቦይ የስለቱን ጭረት ከቆረጠው ሰው ቀድሟል። ተቃራኒው ከሆነ ሰውየው የአውሬ ትራፊ ነው የደረሰው። ቅሪተ አጥንት ላይ «አደነ ወይስ ለቀመ» የሚለው ክርክር የሚቆመው በዚህች ላይ ነው።

10. አመዱን አትድፉ

አዳኝ ሰው ሥጋ ብቻ አይበላም፤ የዕፅዋት ለቀማው ግን አጥንት አይተውም። እሱን የምታገኙት ከሰል ሆኖ ከቀረ ዘር ነው። አንድ ባልዲ የምድጃ አመድና አፈር ውሰዱ። ሌላ ባልዲ ውሃ ውስጥ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ፣ በእጅ አማስሉ። የሚንሳፈፈውን ጥቁር ነገር በአቡጀዲ ላይ አሳልፉ። ጥላ ላይ አድርቁ። ፀሐይ ላይ ካደረቃችሁት ይሰነጣጠቃል።

ለንጽጽር የቀጋ፣ የአጋም፣ የሾላ፣ ከቆላው ደግሞ የቁርቁራ ዘር ሰብስባችሁ በተዘጋ ጣሳ አክስሉ። ለእያንዳንዱ ትንሽ ብልቃጥ። የቁልቋል በለስን፣ በቆሎንና በርበሬን አትጨምሩ፤ ሦስቱም ከአሜሪካ የመጡ ናቸው። ጥንታዊ ነው ከተባለ አመድ የበቆሎ ፍሬ ከወጣ አይጥ ወይም ውሃ ከላይ አስገብቶታል ማለት ነው። ያልከሰለ ዘርም እንደዚያው። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሞክር ያገኘሁት ከሰል የሆነ ምስር ነው፤ የራሴ ምሳ።

ወፍጮ መሰል አሮጌ ድንጋይ ወይም አሮጌ ጥርስ ብታዩ አትጠቡ። እዚያ ላይ የተጣበቀ ቆሻሻ የዕፅዋት ስታርች ሊይዝ ይችላል። የአጥንት ኬሚስትሪ የሚናገረውም አለ፣ ግን የላብራቶሪ ሥራ ነው፣ እዚህ አያገባንም።

11. ራሳችሁን ፈትኑ

ጓደኛችሁ ሃያ አጥንት ከሳጥኑ ያውጣ፣ ቁጥሩን በፕላስተር ይሸፍን። እናንተ ሌንስና መብራት ብቻ ይዛችሁ ለየብቻ ጻፉ፦ ድንጋይ፣ ብረት፣ ጥርስ፣ መረገጥ፣ አላውቅም። «አላውቅም» መልስ ነው፣ አትፈሩት። ከሃያው አሥራ ስድስት ካላገኛችሁ ወደ ደረጃ 9 ተመለሱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በድንጋይ ስለትና በመረገጥ መካከል ነው። መፍትሔው እነዚያን ሁለቱን ብቻ ለይቶ በቀን ሩብ ሰዓት ማየት ነው።

ሌላው ስህተት ነጠላ አጥንት ላይ መወራረድ ነው። መተማ አጠገብ ሺንፋ ወንዝ ዳር ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት ሰዎች ዓሣ፣ የሰጎን እንቁላልና የዱር እንስሳ ይበሉ ነበር ተብሎ በ2024 እ.ኤ.አ የታተመው ከብዙ ዓይነት ማስረጃ ድምር ነው። አንድ ጭረት ያለው አንድ አጥንት አንድ ጭረት ያለው አንድ አጥንት ነው።

12. እውነተኛውን ስታገኙ

አታንሡ። አትቆፍሩ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ መቆፈር ክልክል ነው፤ በአጋጣሚ የተገኘም ለባለሥልጣን መነገር አለበት። አጥንቱ ከቦታው ከተነሣ ደግሞ ከየትኛው ንብርብር እንደመጣ ማንም መልሶ አያውቅም፤ ያን ጊዜ ምግብ መሆኑ ቀርቶ ዕድሜውም ይጠፋል።

እርሳስ አጠገቡ አስቀምጣችሁ ከላይና ከጎን ፎቶ አንሡ። አካባቢውን ከራቅ ብላችሁ ደግማችሁ አንሡ። ስልኩ ላይ የቦታውን ነጥብ መዝግቡ። ከዚያ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቁ። ፌስቡክ ላይ ቦታውን አትለጥፉ፤ በነጋታው ወርቅ ፈላጊ አካፋ ይዞ ይደርሳል።

ሳጥኑን ክዳኑ በደንብ የሚገጥም አድርጉት፣ ከወለልም አንሡት። የእኔን አይጥ ገብታበት ሁለት ጎድን ላይ ጥንድ ጥንድ ቦይ አውጥታለች። አልጣልኳቸውም። ቁጥር 43 እና 44 ናቸው።